ጥያቄና መልስ፦ ማርች ማድነስ ላይ ማጣሪያ ቢጨመር ማን ይጎዳል?

ጋሼ፦ ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ የኮሌጅ ባስኬትቦል ጥያቄያችሁን እመልሳለሁ። ማርች ማድነስ፣ ማለትም የአሜሪካ ኮሌጆች የባስኬትቦል ሻምፒዮና ላይ፣ እስከ 2026 ድረስ የሚገባው 68 ቡድን ነው። 72 ወይም 76 ይሁን የሚሉ አሉ። ኦገስት 2025 ላይ ለ2026 በ68 እንቀጥላለን ተባለ፤ ለ2027 ግን በሩ አልተዘጋም ነበር። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። የሊጉን ዋንጫ በልቶ የገባና ኮሚቴ መርጦ ያስገባው ቡድን ይለያያሉ። ሳትለዩ አትጠይቁ። የውርርድ ጥያቄ ደግሞ አልመልስም።

ከአትላንታ፦ ጋሼ፣ ድሮ 64 አልነበረም እንዴ? ማጣሪያው ከየት መጣ?

ጋሼ፦ ጥሩ ጥያቄ። ከ1985 ጀምሮ 64 ነበር። ስድስት ጨዋታ ያሸነፈ ሻምፒዮን ይሆናል፤ አለቀ። በ2001 ማውንቴን ዌስት የሚባለው ሊግ ለሻምፒዮኑ ቀጥታ ቦታ አገኘ። የሻምፒዮኖቹ ቁጥር 31 ደረሰ። ኮሚቴው በምርጫ የሚሞላው ደግሞ 34 ቦታ ነበረው። ድምሩ 65 ነው። አንድ ሰው መቅረት አለበት። ከ34ቱ አንዱን መቀነስ ይቻል ነበር። አልቀነሱም። ሁለት የትንንሽ ሊግ ሻምፒዮኖችን ኦሃዮ፣ ዴይተን ወስደው እርስ በርስ አጋጠሟቸው። ነገሩ የተበላሸው ያኔ ነው። በ2011 ወደ 68 ሲያድግ ማጣሪያው አራት ጨዋታ ሆነ፤ ፈርስት ፎር የምንለው። ሁለቱ በሻምፒዮኖች መካከል፣ ሁለቱ በተመረጡት መካከል።

አዲስ ገቢ፦ ዘንድሮ ማን ላይ ልያዝ?

ጋሼ፦ የውርርድ ጥያቄ አልመልስም ብያለሁ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ልጄ ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው። በ2024 ሊጋቸውን አሸነፉ ብለን ጨፈርን። ማክሰኞ ማታ ተሸነፉና አለቀ። ልጁ እስከ ዛሬ «ገብተናል ወይስ አልገባንም?» ይለኛል።

ጋሼ፦ እህቴ፣ ገብታችኋል። በመዝገብ ይቆጠራል። የልጁ ጥያቄ ግን ትክክል ነው፤ እኔንም የሚያንገበግበኝ ይሄው ነው። ሃዋርድ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የ9ኛው ጎዳና ምግብ ቤቶቻችን ጋ ሆነው በእግር የሚደርሱበት ነው። በ2023 ሃዋርድ «ሚያክ» የሚባለውን ሊግ ዋንጫ በልቶ በቀጥታ ከካንሳስ ጋር ተጫወተ። 96 ለ68 ተሸነፈ፤ ቢሆንም የ64ቱ ውድድር በሚጀመርበት ሐሙስ ቀን፣ አገሩ ሁሉ ብራኬቱን (ማን እንደሚያሸንፍ የገመተበትን ሰንጠረዥ) ይዞ እያየው ነው። በ2024 ያንኑ ዋንጫ ደገመ። ያኔ ግን ዴይተን ተላከ። ሰባት ተጫዋች ብቻ ይዞ በመጣው ዋግነር 71 ለ68 ተሸነፈ። አብዛኛው ሰው ብራኬቱን እንኳ ሞልቶ አልጨረሰም ነበር። ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የለፋው ለሐሙስ ነው። የጥቁሮቹ ኮሌጆች ሁለት ሊጎች፣ ሚያክና ስዋክ፣ ሻምፒዮናቸው ብዙ ጊዜ ወደዚህ ማጣሪያ ነው የሚላከው። የበላኸውን ዋንጫ እንደገና አስመስክር እንደማለት ነው።

ከዳላስ፦ ፌርሌይ ዲኪንሰንስ? ከዴይተን ተነስቶ ፐርዱን አልጣለም?

ጋሼ፦ ጥለዋል። በ2023 ቴክሳስ ሳዘርንን 84 ለ61 አሸንፈው መጡና አንደኛ ሲድ (በኮሚቴው ደረጃ ቁጥር አንድ) የነበረውን ፐርዱን 63 ለ58 ጣሉ። የገንዘቡንም ነገር አልክድም። ዴይተን ላይ የምታሸንፋት ጨዋታ ለሊግህ ከውድድሩ ገቢ አንድ ድርሻ ታስገኛለች። በስድስት ዓመት ተከፋፍላ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ትሆናለች። ለትንሽ ሊግ ትልቅ ብር ነው፤ ማጣሪያውን የማይጠሉት አሉ። ግን ብሩ ለሊጉ ነው። ተሸንፎ የሚመለሰው ልጅ ጋ ሐሙስ የለችም።

ከሽቱትጋርት፦ እኔ ግን አልገባኝም። የዓለም ዋንጫም 48 ሆኗል። የአፍሪካ ዋንጫም በ2019 ወደ 24 አድጓል። ሲበዛ ምን ችግር አለው? ዋልያዎቹ ካሜሩን የሄዱት 24 በመሆኑ ነው።

ከአትላንታ፦ በ2013 በ16 ገብተን የለ እንዴ! ያውም ከ31 ዓመት በኋላ!

ከሽቱትጋርት፦ አንዴ ነዋ። አንተ ስታስታውስ የምትኖረው እሷን ነው።

ከዳላስ፦ የእኛ ሊግ ሻምፒዮን በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ከመጀመሪያው ቅድመ ማጣሪያ ነው የሚነሳው። እነ አል አህሊ ሁለተኛው ላይ ይገባሉ። ለምደነዋል።

ጋሼ፦ ልጆች፣ ወደ ባስኬትቦሉ ተመለሱ። የዳላሱ ያልከው ግን ልክ ነው። ሻምፒዮን ሆነህ መጥተህ እያለ ደጅ የሚያስጠናህ አሠራር ነው።

ከሚኒያፖሊስ፦ ጋሼ፣ 76 ቢሆን ለትንንሾቹ ዕድል አይሰፋም?

ጋሼ፦ አይሰፋም። በ2026 ሻምፒዮኖቹ 31 ናቸው፤ ቡድን ቢጨመርም የእነሱ ቁጥር አይጨምርም። የሚጨመረው ስምንት ቦታ በሙሉ የተመረጡት ነው። የሚመረጡት እነማን ናቸው? በብዛት የትልልቆቹ ሊጎች ቡድኖች። ኤስኢሲ 16 ቡድን አለው፣ ቢግ ቴን 18፣ ቢግ 12 ደግሞ 16፣ ኤሲሲ 18። ደምሩት። 68 ነው። አራት ሊግ ብቻውን ውድድሩን ይሞላል። ኤስኢሲ በ2025 ከ16 ቡድኑ 14 አስገብቷል። አሁን ማጣሪያውን አስሉት። 76 ቡድን ወደ 64 እንዲወርድ 12 ጨዋታ ያስፈልጋል፤ 24 ቡድን ማለት ነው። እንደ ዛሬው እኩል ከተከፈለ ከ31 ሻምፒዮን 12ቱ ማጣሪያ ይጫወታሉ። ዛሬ አራት ናቸው። በሊጉ አሥረኛ የወጣ እንዲገባ ሻምፒዮን ደጅ ይጠና? እኔ አልቀበልም። የግድ ይጨመር ከተባለ ማጣሪያውን የተመረጡት ብቻ ይጫወቱት። እነሱ ይችሉታል። ቪሲዩ በ2011፣ ዩሲኤልኤ በ2021 ከዚያው ማጣሪያ ተነስተው ፋይናል ፎር (ግማሽ ፍጻሜ) ደርሰዋል።

አዲስ ገቢ፦ ማለት ብዙ ቡድን ሲሆን ለትንንሾቹ ጥሩ አይደለም?

ጋሼ፦ አሁን መለስኩት። ከላይ አንብብ። ሻምፒዮንና የተመረጠ፣ ለዩ።

ከቶሮንቶ፦ የሴቶቹስ?

ጋሼ፦ በ2022 ወደ 68 አድጓል። አሠራሩ ያው ነው።

ከአትላንታ፦ ቴሌቪዥኑ አይደል የሚገፋው?

ጋሼ፦ ሲቢኤስና ተርነር በ2016 ውላቸውን በ8.8 ቢሊዮን ዶላር እስከ 2032 አራዝመዋል። የገንዘቡ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥያቄና መልስ ይፈልጋል።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ልጄ ዘንድሮ ሃዋርድ ዴይተን ቢላክ እንሂድ ይለኛል። ይሻላል?

ጋሼ፦ ሂዱ እህቴ። የዴይተን ሰው ውድድሩን ይወደዋል፤ ለማያውቀው ቡድን እንኳ ይጮሃል። በመኪና ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ መሆኑን እሁድ ማታ ትሰማላችሁ። ሆቴሉን ያኔውኑ ያዙ።