ስንቅሽን ማን ይዞልሽ ይቆማል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከአገር ከወጣሽ ሁለት ዓመትሽ ነው፤ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖሪያለሽ፤ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ ትሠሪያለሽ። አዲስ አበባ ሳለሽ ታላቁ ሩጫን ሦስት ጊዜ ከመሮጥ በቀር ከ10 ኪሎ ሜትር አልፈሽ አታውቂም፤ አሁን ግን የአሜሪካ ማሪን ወታደሮች በጥቅምት ዋሽንግተን አካባቢ ለሚያዘጋጁት የማሪን ኮር ማራቶን ተመዝግበሻል። «ዘመድ የለኝ፣ አሠልጣኝ የለኝ፣ መሀል ላይ ደግሞ ፍልሰታ አለ፤ እችለው ይሆን?» ብለሻል። በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ።

ትችያለሽ። ገና አራት ወር አለሽ። 10 ኪሎ ሜትር የለመደ እግር፣ ባለቤቱ አስቀድማ ሐኪም ካየችና ካልተጣደፈች፣ በአራት ወር ለ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ይደርሳል። እኔ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንኑ ውድድር ስሮጥ 44 ዓመቴ ነበር። ታክሲ ነጂ ነኝ፤ በቀን 11 እና 12 ሰዓት ተቀምጬ እውላለሁ። በ4 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ጨረስኩ። አጨራረሴ ግን ከዚያ የተሻለ ሊሆን ይችል ነበር፤ ያበላሸውንም ነገር በደንብ አውቀዋለሁ።

በዋዜማው ምሽት ደብረ ብርሃን ለእናቴ ደወልኩ። እዚያ ሊነጋ ተቃርቦ ነበር፤ እርሷ ለጸሎት የምትነሣበት ሰዓት ነው። «ነገ 42 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ» አልኳት። ርቀቱ እንዲገባት ጫጫ ደርሶ መልስ ያህላል ብዬ አስረዳኋት። ጥቂት ዝም አለችና «ስንቅህን ማን ይዞልህ ይሄዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። «እማዬ፣ በየመንገዱ ውሃ ያድላሉ እኮ» ብዬ አለፍኩት። እርሷ የጠየቀችኝ ግን ስለ ውሃ ብቻ አልነበረም። እኔ ከእርሷ በቀር ከማውቀው ሰው ለማንም አልተናገርኩም ነበር። «ብወድቅ ማንም አይይብኝ» በሚል ሐሳብ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼም፣ ለእድርተኞቼም ሳልነግር ለብቻዬ ተዘጋጅቼ ለብቻዬ ወጣሁ። አገር ቤት ሰው ሩቅ መንገድ ሲወጣ የሚሸኘው፣ ስንቅ የሚቋጥርለት፣ መንገድ ላይ ወጥቶ የሚቀበለው አለው። እዚህ ያ ሁሉ በራሱ አይመጣም፤ እንደ ጫማውና እንደ ልምምዱ አስቀድመሽ ማዘጋጀት ያለብሽ ነገር ነው። ሌላውን ምክሬን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺብኝ።

ስለ መንገዱ ልንገርሽ፤ ምክንያቱም የማውቀው በሁለት መልክ ነው፤ በመኪናም በእግርም። ውድድሩ የሚነሣው ከዋሽንግተን ከተማ ወንዝ ማዶ፣ ቨርጂንያ ውስጥ ባለችው አርሊንግተን፣ በፔንታጎንና በብሔራዊው መካነ መቃብር አካባቢ ነው። የመጀመሪያዎቹ ማይሎች ዳገት አላቸው፤ ሰው ግን በደስታ ስለሚሞላ ዳገቱ አይታወቀውም። ከዚያ ጆርጅታውንን ታልፊና ወደ ሄይንስ ፖይንት ትገቢያለሽ። እዚያ በመንገዱ ዳር የሞቱ ወታደሮች ፎቶግራፎች ተደርድረዋል፤ ቤተሰቦቻቸውም ባንዲራ ይዘው ይቆማሉ። ያን ጊዜ ሲጮህና ሲዘፍን የነበረው ሯጭ ሁሉ ዝም አለ፤ የሚሰማው የጫማ ኮቴ ብቻ ነበር። ከፎቶግራፎቹ ብዙዎቹ የሃያና የሃያ አንድ ዓመት ልጆች ይመስላሉ። እዚያ ስትደርሺ ፍጥነትሽን ማስላት ተዪና ፊታቸውን እያየሽ እለፊ።

ፈተናው የ14ኛው ጎዳና ድልድይ ነው። እኔ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ይዤ ወደ ከተማ ስገባ በቀን አራት አምስት ጊዜ እሻገረዋለሁ፤ በመኪና ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሯጩ ግን ከከተማው ወደ ቨርጂንያ ሲወጣ 20ኛው ማይል አካባቢ ያገኘዋል፤ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ጡንቻና ጉበት ያከማቹት ስኳር ለብዙ ሰው ተሟጥጦ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። የመኪና መንገድ ስለሆነ ጥላ የለውም፤ ዳር ቆሞ የሚያበረታታ ሰውም አይደርስበትም። አዘጋጆቹ ድልድዩ ላይ የምትደርሺበትን የመጨረሻ ሰዓት ይወስናሉ፤ ካለፈሽ በአውቶቡስ ያነሡሻል። አንዱን ማይል በ14 ደቂቃ የምትሄድ ሰው ስለምታልፍበት ይህ አያስፈራሽ።

እኔ ድልድዩን በእግሬ እየተራመድኩ ነው የተሻገርኩት። ምክንያቱ ከጠዋቱ የሠራሁት ስሕተት ነው። ታክሲዬ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ከየት እንደሆንኩ ሲሰማ ስለ አበበ ቢቂላና ስለ ኃይሌ ያነሣል። «ማራቶን ልሮጥ ነው» ያልኩት ተሳፋሪ ደግሞ «አንተማ ታሸንፋለህ!» ይለኛል። በመነሻውም ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ያለበትን ካናቴራዬን አይተው እንዲሁ አሉኝ። እኔም ያን ስም በቀስታ መሮጥ የማዋርደው መስሎኝ የመጀመሪያውን አጋማሽ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ሮጥኩት፤ ለልምምዴ እጅግ ፈጣን ነው። ሁለተኛው አጋማሽ 2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ፈጀብኝ። የአገርሽን ባንዲራ ልበሺ፤ እኔም ዛሬ ብሮጥ እለብሰዋለሁ። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን አሥር ማይሎች ሰው ሁሉ እየቀደመሽ ቢሄድ ተዪው፣ ይሂድ። ከድልድዩ በኋላ አብዛኛውን ታገኚዋለሽ።

ከድልድዩ ስወርድ ክሪስታል ሲቲ ነው። እዚያ 22ኛው ማይል አካባቢ፣ ከሚጮኸው ሕዝብ መካከል በአማርኛ ስሜን የሚጠራኝ ሰማሁ። የታክሲ ባልደረባዬ ነበር። በማራቶኑ ምክንያት መንገዱ ተዘግቶበት፣ መኪናውን አቁሞ፣ ሥራ ፈትቶ የሻይ ቴርሞሱን ይዞ ቆሟል። እኔ እንደምሮጥ አያውቅም። ሲያየኝ ገመዱን አልፎ ገባና በቆዳ ጫማው አጠገቤ እየሮጠ ቀረፋ ያለበትን ሻይ በክዳኑ ቀድቶ ሰጠኝ። ግማሹ እጄ ላይ ፈሰሰ። «አይዞህ፣ ደርሰሃል» አለኝ። አልደረስኩም ነበር፤ ገና ከአራት ማይል በላይ ይቀረኝ ነበር። ሁለት መቶ ሜትር ያህል አብሮኝ ሮጦ ቆመ። ከዚያ በኋላ አልተራመድኩም። ሻዩ ውስጥ የነበረው ስኳር ረድቶኝ ይሆናል፤ ይበልጡን ግን ልወድቅ በደረስኩበት መንገድ ላይ በቋንቋዬ የሚጠራኝ ሰው መገኘቱ ነው እግሬን ያነሣው። መጨረሻው የማሪኖቹ መታሰቢያ ወደሆነው ወደ ኢዎ ጂማ ሐውልት የሚወጣ አጭር ዳገት ነው፤ ወጣት ወታደሮች ሜዳሊያ ያጠልቁልሻል። ያን ዳገት በሩጫ ወጣሁት።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ተለይቶ የወጣው በዚያን ጊዜ ሮም ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አካባቢ ነው። መጨረሻው ቀርቦ ነበር። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ክሪስታል ሲቲ ላይ ነው። በሰው አገር ጎዳና ላይ፣ ጉልበት በሚያልቅበት ቦታ፣ የአገር የሆነ ነገር ቆሞ ሲታይ ሌላ አቅም ይመጣል። አንቺ ሐውልት የለሽም፤ ሰው ግን ማቆም ትችያለሽ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሁለት ሰው ፈልጊ። ከሥራ ባልደረቦችሽ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት፣ ከምትኖሪበት ሕንፃ፤ ዝምድና አያስፈልገውም። ብዙ ሰው «መጨረሻው ላይ እንጠብቅሻለን» ይላል። መጨረሻው ላይ አያስፈልጉሽም፤ እዚያ ራስሽ ትደርሻለሽ። አንዱ ብሔራዊው ሞል በሚባለው በከተማው መሀል ባለው የሐውልቶች ሜዳ አካባቢ፣ ድልድዩ ሳይደርስ ይቁም። ሌላው ክሪስታል ሲቲ ይቁም፤ በምድር ውስጥ ባቡር መድረስ ይቻላል፣ በመኪና ግን መንገድ ስለሚዘጋ አይሞክር። የሚቆሙበትን ጥግ፣ ከመንገዱ በስተ ቀኝ ይሁን በስተ ግራ፣ የሚለብሱትን ቀለም ሳይቀር አስቀድመሽ ተነጋገሪ። በዚያ ሰዓት ዓይንሽ ሰው አይለይም።

ልምምዱን በአጭሩ ላስቀምጠው። በሳምንት አራት ቀን ይበቃል። አንዱ ቀን ረጅም ነው፤ ከ10 ኪሎ ሜትር ጀምረሽ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ጨምሪ፣ በየአራተኛው ሳምንት ቀንሺ፣ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው 30 ወይም 32 ኪሎ ሜትር ድረሺ። ከዚያ በኋላ እየቀነሱ መሄድ ነው። በረጅሙ ቀን ፍጥነትሽን በሰዓት አትለኪው፤ ለእናትሽ ደውለሽ እያወራሽ መሮጥ ካልቻልሽ ፈጥነሻል። የአዲስ አበባ ሰው ከፍታና ብርድ ያውቃል እንጂ የዚህን አገር ወበቅ አያውቅም። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ሳትወጣ ጀምሪ። ጥላ ያለው መንገድ ከፈለግሽ ሮክ ክሪክ ቅርብሽ ነው። እኔ የቀድሞ የባቡር ሐዲድ በነበረው በዋሽንግተንና ኦልድ ዶሚንየን መንገድ ነበር የምለማመደው።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ፤ ከሌሊት ፈረቃ ወጥተሽ በቀጥታ ወደ ረጅም ሩጫ አትሂጂ። እኔ ሌሊቱን ስነዳ አድሬ ወጣሁና 13ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ተደናቅፌ ወደቅሁ፤ ጉልበቴ ሁለት ሳምንት አስተኛኝ። ድካም እንጂ ድንጋይ አልነበረም የጣለኝ። አስቀድመሽ ተኚ፤ እንቅልፉ ሩጫውን ከበላው ሩጫው ይቅር።

ስለ ፍልሰታ፤ ነሐሴ 1 ጀምሮ እስከ 15 ስለሆነ የልምምድሽ እምብርት ላይ ይወድቃል። እኔ ጾሜያለሁ፣ ሮጫለሁም፤ ግን የነፍስ አባቴን ጠይቄ ነው። «በዚህ ሙቀት ውሃ ሳትጠጣ አትሩጥ፤ ጾም ሰውነትን ለመግደል አልታዘዘም» አሉኝ። አንቺም ጠይቂ። የእኔ አደራረግ እንዲህ ነበር፤ በሳምንቱ ቀናት እህል ከቀመስኩ በኋላ፣ ወደ ማታ ቀለል ያለ ሩጫ፤ ረጅሙን ደግሞ ቅዳሜ። የጾም ምግብ አያንስም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒ፣ ተልባ ሁሉ ጉልበት አላቸው፤ መጠኑን ብቻ ጨምሪ። ውድድሩ የሚውለው በጽጌ ጾም ውስጥ፣ ያውም እሑድ ጠዋት ነው። ቅዳሴ እንደሚያመልጥሽም አብረሽ አማክሪያቸው፤ ያ ነገር በመንገድ ላይ ልብሽን እንዳይከፍለው።

ረጅም ሩጫ ባለበት ዋዜማ በርበሬ የበዛበት ወጥ ተዪ። እኔ ቀይ ምስር ወጥ በልቼ አድሬ ምን እንደደረሰብኝ መዘርዘር አልፈልግም። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች ይሻላል። በመንገድ ላይ ብዙዎች ጄል የሚሉትን በትንሽ ከረጢት የታሸገ ወፍራም የስኳር ፈሳሽ ይወስዳሉ፤ ለእኔ ሆድ አልተስማማኝም። በሶ በጥብጬ፣ ማርና ቁንጥር ጨው ጨምሬ በትንሽ ጠርሙስ ይዤ ነበር፤ በየ40 ደቂቃው አንድ ሁለት ጉንጭ። ቀጭን ይሁን፤ ወፍራም ከሆነ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ጄልም ይሁን በሶ፣ በረጅም ሩጫ ያልሞከርሽውን በውድድሩ ቀን አትቅመሺ። ውሃም ሲጠማሽ ጠጪ እንጂ በየጣቢያው አትሙዪ፤ ከመጠን ያለፈ ውሃ በደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ ሰው አደጋ ላይ ይጥላል።

ጫማሽ ከለመድሽው ግማሽ ቁጥር ይብለጥ፤ በልምምድ ያለፈበት እንጂ አዲስ አይሁን። የጥጥ ካናቴራ አትልበሺ፤ የእኔ ላብ ጠጥቶ ደረቴን አድምቶኛል። ብብትሽንና ጭንሽን ቫዝሊን ቀቢ። በመነሻው ላይ ረጅም ሰዓት በብርድ ስለምትቆሚ የሚጣል አሮጌ ሹራብ ያዢ።

እናትሽ አገር ቤት ካሉ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እኔ በዋዜማው መንገሬ ስሕተት ነበር፤ እናቴ ያን ቀን ሙሉ ስልኩን እቅፏ ውስጥ አድርጋ እንደዋለች በኋላ ሰማሁ። ከሰባት ሰዓት ልዩነት ጋር፣ ጨርሼ ስደውልላት እዚያ መሽቶ ነበር። ስንት ሰዓት እንደፈጀብኝ አልጠየቀችኝም፤ ምን እንደበላሁ ነው የጠየቀችኝ።

የክሪስታል ሲቲውን ሰው ካጣሽ እኔ እቆምልሻለሁ፤ እሑድ ያን ጠዋት መንገዱ ስለሚዘጋ ሥራ የለኝም። አረንጓዴ ኮፍያ አደርጋለሁ፤ ከሐዋርያት ጾም በኋላ እዚሁ ጻፊልኝና የምቆምበትን ጥግ እንነጋገራለን። በሶውን ግን አስቀድመሽ ቅመሺውና ማር ይግባበት ወይስ ጨው ብቻ፣ ያንን ንገሪኝ።