መልስ፦ የአሬዩ መጨረሻ ላይ መድረስ ይቻላል ወይስ አይቻልም?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ከአሬዩ (በተራ ከተደረደሩ ቁጥሮች) መጀመሪያ ተነስቶ እየዘለሉ መጨረሻው ላይ መድረስ ይቻል እንደሆነ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከቆምክበት ቢበዛ ስንት ቦታ ወደፊት መዝለል እንደሚቻል ይናገራል፣ ሪከርሽንህ (ራሱን እየጠራ መንገዱን ሁሉ የሚሞክረው ኮድ) ደግሞ ትልቅ አሬይ ላይ አልንቀሳቀስ ብሎሃል። ሁሉንም መንገድ አትሞክር። እስካሁን የሚደረስበትን ሩቅ ቦታ ብቻ ያዝ።

ቁልፉ «ቢበዛ» የሚለው ቃል ነው። ከአዳማ ሐዋሳ የሚያደርስ ነዳጅ ያለው ሹፌር መቂም ባቱም ላይ መቆም ይችላል። እዚህም ሩቁ ከተደረሰበት ከሱ በፊት ያለው ሁሉ ይደረስበታል።

3፣ 2፣ 0፣ 1፣ 4ን እንይ። ቆጠራው ከ0 ይጀምራል። ቦታ 0 ላይ 0+3፣ ሩቁ 3 ሆነ። ቦታ 1 ላይ 1+2፣ ያው 3። ቦታ 2 ላይ ዜሮ አለ፤ ሩቁ 3 ስለሆነ ግን አያስቆምህም። ቦታ 3 ላይ 3+1፣ የመጨረሻው ቦታ 4 ላይ ደረስን። በቃ፣ ይቻላል።

2፣ 1፣ 0፣ 3 ላይ ግን ሩቁ 2 ላይ ተቸክሎ ይቀራል። ቦታ 3 ከሩቁ ስለሚበልጥ እዚያው «አይቻልም» ብለህ ውጣ። ይህን ቼክ ሩቁን ከማደስህ በፊት አድርገው፤ እኔን ግማሽ ቀን ያባከነኝ እሱ ነው። አሬዩን አንዴ የሚያልፍ አንድ ሉፕ (ድግግሞሽ) ይበቃሃል፣ ተጨማሪ አሬይም አያስፈልግህም።