ነፍሰ ጡር ሳለሁ ጫት እቅም ነበር፤ ልጄ የማይደነግጠው በዚያ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄን አርግዤ ሳለ እስከ ስድስተኛ ወሬ ድረስ ጫት እቅም ነበር። ዛሬ 11 ዓመቱ ነው፤ በትምህርቱ ደህና ነው። ግን ቢቆጡት፣ ቢገርፉት፣ እኔና አባቱ ስንጣላም ፊቱ አይለወጥም። ዝም ብሎ ያያል። እናቴ «ጭምት ነው» ትለኛለች። እኔ ግን የጫቱ ጣጣ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ ስጋትዎ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ግን ሁሉንም በጫቱ አያላክኩ።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው። የደም ሥር ያጠብባል፤ ወደ ፅንሱ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። በዚህ ከኮኬይን ጋር ይመሳሰላል፤ ለዓመታት ክትትል የተደረገላቸውም ይበልጡን በማህፀን ሳሉ ኮኬይን ያገኛቸው ልጆች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆች ልክ በእርስዎ ልጅ ዕድሜ አስጨናቂ ሥራ ተሰጣቸው። ከሥራው በፊትና በኋላ ምራቃቸው ተወስዶ ኮርቲሶል ተለካ። ይህ ስንጨነቅ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የሚያመነጩት ሆርሞን ነው። መጨመር ነበረበት። ኮኬይን ካገኛቸው ልጆች መካከል ግን ሳይጨምር የቀረባቸው ከሌሎቹ በዝተው ተገኙ። ነገሩ ይበልጥ የጎላው ደግሞ ቤታቸው ጠብና ዱላ ባለበት ልጆች ላይ ነው።

እንዴት ቢሉ፣ የእንግዴ ልጁ የእናትን ኮርቲሶል የሚያከሽፍ ኢንዛይም አለው። በዕፁ ሳቢያ ይህ መከላከያ ሲሳሳ የፅንሱ የጭንቀት ሥርዓት ገና ከጅምሩ በሌላ ቅኝት ይቃኛል ተብሎ ይታሰባል።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጋዜጦች በማህፀን ሳሉ ኮኬይን ያገኛቸውን ሕፃናት «አልቆላቸዋል» ሲሉ ነበር። አላለቀላቸውም። በኮኬይን ከተሳበበው ጥፋት ውስጥ ድህነት፣ ሲጋራ፣ አልኮልና የቤት ኑሮ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

ኮርቲሶል ፊት ላይ አይነበብም። ላቦራቶሪ ሮጠው አንድ ጊዜ ቢያስለኩትም መልስ አያገኙም። እኔን ያሳሰበኝ «ቢገርፉት» ያሉት ነው። ዱላው ዛሬውኑ ይቁም። ጠባችሁም እሱ ፊት አይሁን። ዝም አለ ማለት አልተሰማውም ማለት አይደለም። ማታ አጠገቡ ቁጭ ብለው እንዴት እንደዋለ ይጠይቁት፤ ባይመልስም ይጠይቁት።

አንድ ነገር ይፈትሹልኝ፦ አፍጥጦ ሲያይ ስሙን ቢጠሩት ወዲያው ይዞራል? ለጥቂት ሰከንድ ጭልጥ ብሎ ሄዶ የሚመለስ ከሆነ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል የሕፃናት ሐኪም ይየው። ራሱን የሚጎዳ ከሆነም አይቆዩ። ዳግም ካረገዙ ጫት የለም፤ መተው ካቃተዎት ለክትትል ሲሄዱ ለአዋላጇ ሳይደብቁ ይንገሯት።