ቀይ ጤፍ የብረት ኪኒንን ይተካል ወይ?

እህቴ፣ ደም ማነስ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ልጅዎ የታዘዘላት የብረት ኪኒን ሆዷን ስላደረቃት «ቀይ ጤፍ ይበቃታል» ተብላ ልታቆመው እንደሆነ ጽፈው ምክር ጠይቀዋል። እባክዎ አታቁም፤ ድርቀቱን ላዘዘላት ባለሙያ ትንገር።

እኔም ቢቸና አካባቢ ሳድግ ቀይ ጤፍ ደም ይሆናል ሲባል እየሰማሁ ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ከቀይ ጤፍ እንጀራ ሳትለይ ደሟ (ሄሞግሎቢኗ) በዴሲሊትር 9 ግራም ሆኖ ሲገኝ ግን ነገሩን መመርመር ጀመርሁ። የጤፍ የብረት መጠን ከጥናት ጥናት እጅግ የሚራራቀው፣ ብረቱ በከፊል ከፍሬው ሳይሆን ከአፈር ስለሚመጣ ነው፤ እህሉ አውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ደቃቁ ፍሬ ከአፈር ጋር ይደባለቃል፣ ላቦራቶሪውም ሁሉንም በአንድነት ይለካል። ለራሴ ላረጋግጥ ብዬ አንድ ጣሳ የተነፋ ቀይ ጤፍ በነጭ ሳህን ብዘፈዝፈው፣ ውሃው ደፍርሶ ከሥሩ እንደ ዋልካ ጭቃ ያለ ዝቃጭ ቀረ። ያም ብረት አለው፤ አንጀት ግን ከእሱ የሚወስደው ጥቂት ነው። ቀይ ጤፍ መልካም ምግብ መሆኑን አልክድም፤ በወረቀት የሰፈረውን ቁጥር ግን ደም ውስጥ እንደገባ አልቆጥረውም።

«ጤፍ የሚበላው ደገኛ ከቆለኛው የተሻለ ደም አለው» የሚለውም ማስረጃ አይሆንም፤ ቆላ ወባ አለ፣ ደጋ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ራሱ ደም ይጨምራል። ለነፍሰ ጡር ከእሱ በታች ደም ማነስ ነው የሚባለው የ11 ግራም ወሰንም እንደ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለች ሴት ከፍ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ይልቅ ቡናውን ይመልከቱ። በ1983 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና የብረትን መመጠጥ በ39 ከመቶ፣ ሻይ በ64 ከመቶ ቀንሷል፤ ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡና ያው ሲሆን፣ 1 ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን አልቀነሰም። የተሞከረው በሃምበርገር እንጂ በሽሮ ስላልሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ ገበታ አላመጣውም፤ አቅጣጫው ግን ያሳምነኛል። እኛም ቡናውን ከምሳ በፊት አደረግነው፣ ባለቤቴም ኪኒኑን ሳታቋርጥ ዋጠች፤ ደሟ ከፍ አለ። ሁለቱን አብረን ስለጀመርን ምስጋናውን ለቡናው ብቻ ልሰጥ አልችልም፤ ጎረቤቶቻችን ግን ሳይበሉ ቡና መጠራታቸውን እስከ ዛሬ ያነሡብናል።