ስለ ታላቁ ጓንጌቶ ለጠየቃችሁኝ

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጓንጌቶ ማን ነው?

የጥንቱ የኮሪያ መንግሥት የጎጉርዮ ንጉሥ ነው። ግዛቱ ሰሜን ኮሪያንና የዛሬዋን ሰሜን ምሥራቅ ቻይና ይይዝ ነበር። በ391 ሲነግሥ ገና ወጣት ነው። በ412 ሲሞት 40 ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ጥያቄ፦ ከደቡብ ጎረቤቱ ከቤክጄ ጋር ምን አጣላው?

ነገሩ ደም አለበት። በ371 የቤክጄ ጦር ፒዮንግያንግ ድረስ ዘልቆ አያቱን ንጉሥ ጎጉግዎንን ገደለ። ጓንጌቶ የተወለደው ከዚያ 3 ዓመት በኋላ ነው። በቂም ብቻ ግን ጦር አይቆምም። ከሽንፈቱ በኋላ አጎቱ ሶሱሪም ነግሦ ሕግ አወጣ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ቡድሂዝምን ተቀበለ። እኔ የድሉን ግማሽ ለአጎቱ ነው የምሰጠው። የሚያነሳው ሰው ማጣቱ ያሳዝነኛል።

በ396 ጓንጌቶ 58 ምሽጎችና 700 መንደሮች ያዘ። የቤክጄው ንጉሥ አሲን 1,000 ሰዎችና 1,000 ጥቅል ጨርቅ አስረክቦ ለዘላለም ሊገዛለት ማለ። ጓንጌቶም የአሲንን ወንድምና 10 ሹማምንት በመያዣነት ይዞ ተመለሰ።

ጥያቄ፦ ካሸነፈ ለምን ጠቅልሎ አልያዛትም?

የፈለገው እንዲገብሩለት ይመስለኛል። መሐላው ግን ብዙ አልቆየም። በ399 ቤክጄ ከጃፓን ደሴቶች ሰዎች ከዋዎች ጋር አበረች። ዋዎች ሌላዋን የኮሪያ መንግሥት ሺላን ሲወሩ የሺላ ንጉሥ «ድረስልኝ» አለ። በ400 ጓንጌቶ 50,000 ጦር ልኮ አባረራቸው። ሺላም ከዚያ ወዲህ ገባሪው ሆነች።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ በምን ታወቀ?

በዋናነት ልጁ ጃንግሱ በ414 ካቆመው ሐውልት ነው። ከ6 ሜትር በላይ ቁመት አለው፤ 1,800 ገደማ የቻይና ፊደላት ተቀርጸውበታል። ስታነቡት ግን ልጅ ለአባቱ ያስጻፈው ውዳሴ መሆኑን አትርሱ። እዚያ ላይ ጥፋተኛው ሁሌም ጠላት ነው፤ ንጉሡ ደግሞ ቀጪና መሐሪ።

ጥያቄ፦ ጃፓንና ኮሪያ የሚከራከሩበት ሐውልት ይሄ ነው?

አዎ። በ391 ዋዎች ባሕር ተሻግረው ስለመምጣታቸው የሚናገር አንድ መስመር አለ። የተወሰኑት ፊደላት ተበልተዋል። ጃፓን ኮሪያን በያዘችበት የቅኝ ግዛት ዘመን የጃፓን ምሁራን «ጥንትም ኮሪያን ገዝተናል» ለማለት ተጠቀሙበት። የኮሪያ ምሁራን ያንኑ መስመር በሌላ መንገድ ያነቡታል። ሐውልቱ የጎጉርዮን ገናናነት ለማሳየት የቆመ ነው። ስለዚህ ዋዎችን አግዝፎ ማቅረቡ የንጉሡን ድል ለማግዘፍ ነው የሚሉት አሳምነውኛል።

ጥያቄ፦ ዛሬ የት ነው ያለው?

ቻይና፣ ጂሊን ግዛት፣ ጂአን ከተማ ውስጥ። የአካባቢው የጎጉርዮ ቅርሶች በ2004 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል።