ቀላሉን ሞዴል አትናቁት

ወደ አየር ንብረት ሞዴሊንግ ለምትገቡ ወጣቶች፤

ብዙዎቻችሁ ከባዱን ሞዴል ካልነካችሁ ሥራ የሠራችሁ አይመስላችሁም። ይገባኛል። ግን እስቲ ሒሳቡን አብረን እንየው።

የዓለም አቀፍ ሞዴሎች ምድርን የሚከፋፍሉበት አንድ የግሪድ ሳጥን ብዙ ጊዜ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ተራራውም ሸለቆውም እዚያ ውስጥ ተደፍጥጠው አንድ አማካይ ከፍታ ይሆናሉ። ወደ 10 ኪሎ ሜትር ስታጠቡት ሳጥኖቹ 100 እጥፍ ይበዛሉ። የጊዜ እርምጃውም አብሮ ስለሚያጥር ስሌቱ 1,000 እጥፍ ይደርሳል። ለአንድ ሞዴልና ለጥቂት ዓመታት ትችሉት ይሆናል። ለ20 ሞዴሎችና ለመቶ ዓመት ግን አቅም ያለው ተቋም ጥቂት ነው።

የዓለም አቀፍ ሞዴልን ውጤት ወደ አካባቢ ዝርዝር መለወጥ ማውረድ (ዳውንስኬሊንግ) ይባላል። በስታቲስቲክስ ማውረድ ርካሽ ነው፤ በሰፊው አየርና በአካባቢው አየር መካከል ያለው የዛሬው ዝምድና ነገም ይቀጥላል ብሎ ግን ይነሳል። በመሃል ያለው መንገድ እኔን ይበልጥ ይማርከኛል። በአሜሪካ ብሔራዊ የከባቢ አየር ምርምር ማዕከል የተሠራውን አይካር (ICAR) የተባለ ሞዴል ውሰዱ። የነፋስን ሙሉ እኩልታ አይፈታም። ተራራ ነፋስን እንዴት እንደሚያነሳና እንደሚያወዛውዝ በሊኒየር ቲዎሪ፣ ማለትም ተራራው በነፋሱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው ብሎ እኩልታውን በሚያቃልል ስሌት፣ ያሰላል፤ ከዚያ ሙቀትና እርጥበትን በዚያ ነፋስ ያጓጉዛል፤ ደመናና ዝናብ ይሠራል። ነፋስ የሚመታው ወገን ሲረጥብ ከጀርባ ያለው ሲደርቅ ታዩታላችሁ። ለዚህ ደግሞ ሱፐር ኮምፒውተር ደጅ መጥናት የለባችሁም።

የተጣለውን ነገር ግን እወቁት። ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር፣ ተራራው 1,500 ሜትር፣ የአየሩ የመርጋት ፍሪኩዌንሲ (ሽቅብ የተገፋ አየር ወደ ቦታው ለመመለስ የሚወዛወዝበት ፍጥነት) በሰከንድ 0.01 ነው እንበል። መርጋቱን በከፍታው አባዙና ለነፋሱ አካፍሉት፤ 1.5 ይመጣል። ከ1 ሲያልፍ አየሩ ተራራውን መውጣት ያቅተውና በጎን ይዞራል። ሊኒየሩ ቲዎሪ ግን አሁንም ሽቅብ ይገፋዋል፤ ያልዘነበ ዝናብም ይመጣል። የነጎድጓድ ደመናም እንዲሁ ነው፤ ራሱ ነፋስ ይፈጥራል፣ ሞዴሉ ግን ነፋሱን አስቀድሞ ወስኖ ጨርሷል። ስለዚህ ተራራ ገፍቶ ለሚያዘንበው ወቅት እመኑት፤ ሙቀት ለሚያስነሳው የከሰዓት ዝናብ ግን ተጠንቀቁ።

ያተረፋችሁትን የኮምፒውተር ጊዜ ለይበልጥ ጥራት ብቻ አታውሉት። ብዙ ዓለም አቀፍ ሞዴሎችን አውርዱበት፤ ግድብ የሚነድፈው መሐንዲስ አንድ ካርታ ሳይሆን የውጤቱን ስፋት ይፈልጋል። አንዱን ዓመት ደግሞ በሙሉው ሞዴል አስኬዱና በየወሩ አነጻጽሩ። የተለያዩበትን ቦታና ወር ካርታው ላይ አጥቁሩት፤ ለመሐንዲሱ ስታስረክቡም እሱን አትቁረጡት።