የትኛው ፈተና ይቀላል?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ አንዲት ልጅ መኪናዬ ጋ ቆማ ጠበቀችኝ። ነጠላዋን እንደለበሰች ናት። «እትዬ፣ ነርስ ፕራክቲሽነር ነዎት ሲሉ ሰምቼ ነው» አለችኝ። በሽተኛ መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ ማለት ነው። ማስተርሷን ጨርሳለች። የቀራት የሰርተፊኬት ፈተናው ነው። ግራ ቀኟን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከሁለቱ የትኛው ይቀላል?» አለች።

የማውቀውን ነገርኳት። ስልክ ቁጥሬንም ሰጠኋት። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። ጥያቄውን ስንቱ ጠይቆኛል። ያቺ ግራ ቀኝ ማየቷ ናት ያስቀመጠችኝ።

መጀመሪያ መልሱን ለሌሎቻችሁም ልንገራችሁና ይለፍ። በፋሚሊ ነርስ ፕራክቲሽነርነት የሚፈትኑ ሁለት አካላት አሉ። እኛ ኤኤንሲሲ እና ኤኤኤንፒ እንላቸዋለን። ስቴቶች ሁለቱንም ይቀበላሉ። የኤኤኤንፒው 150 ጥያቄ ነው። 15ቱ ለሙከራ የገቡ ናቸው፣ አይታረሙም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይነገራችሁም። ጥያቄው ከሞላ ጎደል ስለ በሽተኛ ነው። ምን ትጠይቁታላችሁ፣ ምን ትመረምራላችሁ፣ ምን ታዙለታላችሁ። ኤኤንሲሲ በዚህ ላይ ስለ ምርምር፣ ስለ ጤና ፖሊሲና ስለ ሙያው ኃላፊነት ይጨምርበታል። አልጋ አጠገብ ያረጀ ሰው ኤኤኤንፒውን ይወዳል። ወረቀት መጻፍ የሚወድ ኤኤንሲሲውን።

ሰርተፊኬቱን ላይሰንስ የሚመስላችሁም አላችሁ። ፈተናውን ስታልፉ ገና ወደ ስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ታመለክታላችሁ። ቁጥጥር ያለባቸውን መድኃኒቶች ለማዘዝ ደግሞ የፌዴራሉ ዲኢኤ ቁጥር አለ። ሰርተፊኬቱም በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። የቀረውን ኢንተርኔት ከኔ በተሻለ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ጉዳዬ።

አሜሪካ በዲቪ ስመጣ አገር ቤት ነርስ ነበርኩ። ወሎ ውስጥ አንዲት ጤና ጣቢያ። ሐኪም የለም። በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። የወለደችውንም፣ የተወጋውንም፣ ወባ የያዘውንም የማየው እኔ ነኝ። ያገሩ ሰው ሁሉ ሲስተር ይለኛል። አንድ ጊዜ በበቅሎ አምስት ሰዓት ሄጄ መንታ አዋልጄ፣ አባትየው አንዷን ልጅ «ሲስተር» ብሎ ስም ሊያወጣላት ነበር። ቄሱ ናቸው እምቢ ያሉት።

እዚህ ስመጣ በሲኤንኤነት፣ በነርስ ረዳትነት ማለት ነው፣ ናርሲንግ ሆም ገባሁ። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ሥራው አያሳፍርም። ግን ስሜን አጣሁት። ሁሉም አሳጥሮና አበላሽቶ ይጠራኛል። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ረጅም ሴት በኮሪደሩ መጣችና፣ «ሲስተር፣ ከየት ነሽ?» አለችኝ በአማርኛ። አለባበሴን ሳይሆን አልጋ አነጣጠፌን አይታ ነው ነርስ መሆኔን ያወቀችው። እሷም ጎንደር ሆስፒታል ለዓመታት የሠራች ነርስ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም ሲስተር እላታለሁ፣ እሷም ሲስተር ትለኛለች። በዚያ ቤት ውስጥ ሲስተር የምንባለው እርስ በርሳችን ብቻ ነበር።

የትምህርት ማስረጃ ማስገምገም፣ ኤንክሌክስ የሚባለው የነርስነት ፈቃድ ፈተና፣ አርኤን ማለትም የተመዘገበ ነርስ መሆን፣ ከዚያ ዲግሪ፣ ከዚያ ማስተርስ። ሁሉንም አብረን ሄድን። እኔ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። እሷ ደግሞ አገር ቤት ለአምስት ወንድሞችና እህቶች ትልካለች። ማታ ትሠራለች፣ ቀን ትማራለች። የምትተኛው መቼ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ክፍል ውስጥ የሙያውን ታሪክ ስንማር ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1965 ኮሎራዶ ውስጥ ሎሬታ ፎርድ የሚባሉ የሕብረተሰብ ጤና ነርስ፣ ሄንሪ ሲልቨር ከሚባሉ የሕፃናት ሐኪም ጋር ሆነው የመጀመሪያውን የነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠና ጀመሩ። ሐኪም በማይደርስበት ቦታ ነርስ ሕፃናትን መርምራ እንድታክም። ይህን ስትሰማ ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሲስተር፣ አንቺ ወሎ ላይ ሳያስተምሩሽ ስትሠሪው ኖረሻል» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። አስተማሪዋ ተቆጣችን። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2025 በ104 ዓመታቸው ሲያርፉ ዜናውን ሳነብ ያ ሳቅ ነው ቀድሞ የመጣብኝ።

እሑድ እሑድ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አፓርታማዬ ውስጥ፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እናጠና ነበር። እኔ የልብ ድምፅ አይገባኝም። በመጽሐፍ አነባለሁ፣ በካሴት እሰማለሁ፣ ወዲያው ይጠፋብኛል። እሷ ግን ጎንደር እያለች ቶንሲል ልባቸውን ያበላሸባቸውን ስንት ሕፃናት አዳምጣለች። ማዳመጫዋን ትታ በጣቷ ጠረጴዛውን ትመታ ነበር። «ይሄ የጠበበ ቫልቭ ነው» ትላለች፤ በአፏ ደግሞ ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ታወጣለች። «ይሄ ደግሞ የሚያፈስ።» ልጆቼ ከሳሎን መጥተው ይስቃሉ። እኔ አሁን ድረስ የበሽተኛ ደረት ላይ ማዳመጫ ሳስቀምጥ የሷን ጣት ነው የምሰማው።

እኔ ለሷ ያስተማርኳት ካለ መዥገር ብቻ ነው። ሁለታችንም ትኩሳት ሲባል ወባ ነው የሚመጣብን። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ትኩሳትና ዒላማ የመሰለ ክብ ሽፍታ ካያችሁ የመዥገር በሽታውን ላይምን ነው የምታስቡት። «ሲስተር፣ መዥገርን እንደ ወባ አስቢው» አልኳት። ይህን ያህል ነው ውለታዬ።

እ.ኤ.አ. በ2010 ተመረቅን። እኔ በሁለት ወር ውስጥ ተፈተንኩ። ኮምፒውተሩ እዚያው ማለፌን ነገረኝ። ስለ ልብ ድምፅ የመጡትን ጥያቄዎች ሁሉ እንደመለስኩ እርግጠኛ ነበርኩ። ከፈተናው ጣቢያ ወጥቼ ቀድሜ የደወልኩት ለሷ ነው። በስልኩ ውስጥ እልልታዋ ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ።

እሷ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተፈተነች። ማታ ሠርታ፣ ጠዋት ከሥራ በቀጥታ ሄዳ። ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ። መጀመሪያ ምንም አላለችም። የመኪና በር ሲዘጋ ይሰማኛል። ከዚያ፣ «ሲስተር፣ ወደቅኩ» አለችኝ። ለጥቂት ነው። ቀጥላም፣ «ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ክርስትና ተጠርተን ነበር። እሷ ሥራ ገብታ አልመጣችም። አንዲት ሴትዮ እንጀራ እየዘረጋች፣ «እናንተ ሁለታችሁ ጨረሳችሁ አይደል? እንኳን ደስ ያላችሁ!» አለችኝ።

አመሰግናለሁ ማለት ነበር የሚገባኝ። ሌላ ቃል አያስፈልገውም ነበር። እኔ ግን፣ «እሷ ገና ናት፣ ለጥቂት አምልጧት ነው» አልኩ።

ለዓመታት ልከላከልላት ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ። «ለጥቂት» ያልኩት ለክብሯ ነው እላለሁ። እውነቱ ግን ደስታው ለኔ ብቻ እንዲቆጠርልኝ ፈልጌ ነው። በዚያች ደቂቃ ከሷ ጋር መጠራት አልወደድኩም። አሁን ሳየው ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጣፍጦኝ ነበር።

ያንኑ ዕለት ማታ አንዷ ደውላ «አይዞሽ» አለቻት። በማግስቱ ሌላዋ። እናንተ «አይዞሽ» ምን ክፋት አለው ትሉ ይሆናል። በኛ ዘንድ ለወደቀ ሰው የሚባል «አይዞሽ» ከስድብ የሚብስበት ጊዜ አለ።

አልሰደበችኝም። ደውላም አልጠየቀችኝም። ሰኞ ከሥራ ስመለስ በራፌ ላይ የፌስታል ከረጢት አገኘሁ። ያዋስኳት መጽሐፍና በእጃችን የጻፍናቸው የጥያቄ ካርዶች ናቸው። ካርዶቹ በላስቲክ ታስረዋል። የሷ እጅ ጽሑፍ ያለባቸውን እንኳን ለይታ አላስቀረችም።

ድጋሚ መፈተን ትችል ነበር። ዛሬ ኤኤንሲሲ ከ60 ቀን በኋላ ያስፈትናችኋል። ኤኤኤንፒ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈቅዳል፣ በመካከሉ በደከማችሁበት ርእስ 15 ሰዓት ትምህርት ወስዳችሁ። ለጥቂት የወደቀ ሰው በጥቂት ይነሳል። እሷ ግን አልተመለሰችም። እኔ ከማውቃቸው ነርሶች ሁሉ ጎበዟ አሁንም ማታ ማታ አርኤን ሆና ትሠራለች።

ይህን አልጽፍም ብዬ ነበር። ከፈተናዋ በፊት ያለውን የሌሊት ሥራ እንድይዝላት ለምናኝ ነበር። ያኔ አንድ ሆስፒታል ነው የምንሠራው። «ደክሞኛል» አልኳት። እውነትም ደክሞኝ ነበር። ያለፍኩት ግን እኔ ነኝ፤ እሷ ናት ማረፍ የነበረባት።

እንግዲህ ምክር የምትሉት ይህ ከሆነ፣ የፈተና ቀናችሁን ለማንም አትንገሩ። ለእናታችሁም ቢሆን። ደግሞ ለብቻ መሸከሙም አይሆንም፤ ለአንድ ሰው ንገሩ። ያ ሰው ማን እንደሚሆን እንዴት እንደምታውቁ አትጠይቁኝ። እሷ የመረጠችው እኔን ነው።

ከማታ ሥራ ወጥታችሁ አትፈተኑ። የአንድ ቀን ደመወዝ ቢቀር ይቅር።

የሙያ ዘርፋችሁን በሰው ወሬ አትምረጡ። ሁሉም ሳይካትሪ ገባ ተብሎ ሳይካትሪ፣ አኔስቴዥያ ደመወዙ ትልቅ ነው ተብሎ አኔስቴዥያ። ሰርተፊኬታችሁ የምታክሙትን ሰው ይወስናል። ፋሚሊ ተምሮ አይሲዩ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ መሥራት የሚፈልግ ልጅ ሁልጊዜ ይገጥመኛል። ተመልሶ መማር አለበት። ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ክሊኒካል፣ የተግባር ልምምድ ማለት ነው፣ የሚያስገባችሁ ሰው ከአሁኑ ፈልጉ። በኛ ጊዜ 500 ሰዓት ነበር ዝቅተኛው። አሁን በአዲሱ ብሔራዊ የትምህርት መስፈርት ወደ 750 ከፍ ብሏል። ብዙ ትምህርት ቤት ክፍያውን ይቀበልና ሐኪሙን ራሳችሁ ፈልጉ ይላል። ይህ ያናድደኛል። እኔ ጋ ደውሉ እንዳልል ክሊኒኬ በዓመት ከሁለት ተማሪ በላይ አይዝም።

ስለ ዛሬ ልጆች ደግሞ ሳልናገር አልቀርም። አርኤን በወጣችሁ በዓመቱ ነርስ ፕራክቲሽነር መሆን ትፈልጋላችሁ። በሽተኛ ሲሞት አላያችሁም። መርፌ ስትወጉ እጃችሁ ገና ይንቀጠቀጣል። ቢያንስ ሦስት ዓመት አልጋ አጠገብ ቁሙ እላለሁ። ይህን ስል ግን አንድ ነገር ይይዘኛል። እስካሁን ካሠለጠንኳቸው ሁሉ ጎበዟ አንድ ዓመት ብቻ የሠራች ልጅ ነበረች። እሷን ባየሁ ቁጥር ነገሬን እውጠዋለሁ።

ቲክቶኩንም አልወደውም። ፊኛ ይዞ «አለፍኩ» እያሉ መጨፈሩን። የሥራ ልብስ ለብሶ መደነሱን። ታዲያ ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። አንዲት ሐበሻ ልጅ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ፣ አይኗ ቀልቶ፣ «ዛሬ ፈተና ወደቅኩ፣ ከ60 ቀን በኋላ እመለሳለሁ» ትላለች። በገዛ አፏ። ፊቷን አሳይታ። ሥሩ የተጻፈውን አነበብኩት። እኔም ወድቄ ነበር፣ እኔም ሁለት ጊዜ፣ ካርዶቼን ልላክልሽ። ስልኩን ለልጅቷ መልሼ ወጥ ቤት ገባሁ። ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ሽንኩርት አልኳት። ሽንኩርት አልነበረም።

ጓደኛዬን ባለፈው ዓመት ለቅሶ ቤት አገኘኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። ቡና እያደለች ነበር። የኔን ሲኒ ስታቀብለኝ፣ «ደህና ነሽ? ልጆች ደህና ናቸው?» አለችኝ። ደህና ናቸው አልኳት። ስኳር ጨመረችልኝ። ሁለት ማንኪያ፤ እንደምወደው አልረሳችም። ሲስተር ግን አላለችኝም። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ሌላ ሰው ሲኒ ጠየቃት።

የእሑዷ ልጅ ትናንት ማታ ደወለችልኝ። ኤኤኤንፒውን መርጣለች። ስለ ልብ ድምፅ ጠየቀችኝ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በጣቴ መታሁላት። ይሄ የጠበበ፣ ይሄ የሚያፈስ። «እንደገና» አለችኝ። እንደገና መታሁላት። ሌሊት ትሠራ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ትሠራለች። የፈተናዋን ቀን ግን አልጠየቅኳትም።